ሦስት ባል የፈታችው የልጅ ልጄ

የልጅ ልጄ ሀይማኖት ሦስት ባል መፍታቷን ያወቅሁት ከተማችን ቆሰበር መናኸሪያው አጠገብ፣ ደሴ የሚባለው ልጅ መጽሔትና ጋዜጣ ከሚሸጥበት መደብር ነው። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አላገባችም።

አንድ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣው ፎቶ የሷ ነው። የተመረቀች ዕለት ጥቁር ጋዋን ለብሳ ተነስታ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው። ደረቷ ላይ በቀይ፣ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ተደርጎ፣ «ሦስት ባል ፈትቼ ሰላሜን አገኘሁ!» ተብሏል። የተመረቀችው በባል መፍታት ነው የሚመስለው። ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ፣ መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ ባስጠጋው፣ የጉንዳን እግር የምታክል ጽሑፍ አገኘሁ፦ «ፎቶው ከታሪኩ ጋር ግንኙነት የለውም።» እግዜር ይስጣቸው! እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? የመጽሔቱን ስም አልጠራም፤ በነጻ አላስተዋውቀውም።

ያስጨነቀኝ እሑድ ነው። ከዳንግላ የኪዳኑ ሽማግሌዎች ሀይማኖትን ለትዳር ሊጠይቁ ይመጣሉ። ኪዳኑ እህል ነጋዴ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ አንገቱን የሚደፋ። ወድጄው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመኪና የሚወርዱት ደግሞ እዚያው መናኸሪያ፣ ሦስት ባል የፈታችው ፊት ለፊት።

«ደሴ ልጄ፣ እባክህ ገልብጠህ ስቀላት።»

«እማማ፣ ጀርባው እኮ የፍራሽ ማስታወቂያ ነው።»

«ፍራሽ ማንን ገደለ?»

«ሰው ቆሞ የሚያነበው ሽፋኑን ነዋ! የውስጡንማ ማን ይገዛል?»

እውነቱን ነው። የኛ ከተማ ሰው ሽፋኑን በነጻ ያነባል፤ የውስጡን ራሱ ይጨምርበታል።

«እንግዲያው ያለውን በሙሉ ስጠኝ» አልኩት። ዘንቢሌን ሞልቼ ገባሁ፤ እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ባልፍ፣ ደሴ ሀይማኖትን ገመዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደርድሯታል።

«እማማ፣ ገድዎ ጥሩ ነው! መጽሔት እንዲህ ተሽጦልኝ አያውቅም። ባሕር ዳር ደውዬ እጥፍ አስመጣሁ። ለዳንግላም ጨምረው ልከዋል።»

ቤት ገብቼ ብነግራት ሀይማኖት በሳቅ ልትሞት። «እማማ፣ እስቲ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያስተዋውቁኝ!»

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ወገኔ ከጋቢያቸው ስር መጽሔቱን መዘዙ። 

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ይህን አየነው።»

«ኧረ ፎቶው ከታሪኩ ጋር...»

«አይጨነቁ! እኛማ እፎይ ነው ያልነው። ኪዳኑም ሁለት ፈትቷል። እንዴት አድርገን እንንገርዎ ብለን እንቅልፍ አጥተን ነበር። አሁን ማን ማንን ይንቃል? እንዲያውም እሷ በአንድ ትበልጣለች።»

ጸጥ ያለው ኪዳኑ! ለካ ጸጥ ያለው ቤቱ ሰው ስለሌለ ነው።

ሀይማኖት ከጓዳ ብቅ አለች። «ሁለቱ ለምን ወጡ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ወገኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲቆጣ እጁ ትንሽ ፈጠን ይላል እንጂ... ልቡስ ንጹሕ ነው።»

ልቡ ንጹሕ ነው! የልጄን ጥርስ የሚያወልቀው ልቡ ይመስል።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው። «የዳንግላ ሚኒባስ ሳይሞላ ድረሱ» አልኳቸው።

ሀይማኖት አሁን አልሳቀችም። መጥታ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እኔም በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን አላመንኩትም፣ መሸጎሪያውንም ጨመርኩበት።