የመጋዙ ሳጥን ቁልፍ

እኛ የችኒዮት ከተማ አናጢዎች ለሰው ሙሽራ አልጋ እንቀርጻለን እንጂ ለራሳችን ዕቃ ማስቀመጫ ሠርተን አናውቅም። የመጋዝ ዲስኩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ አንዱን ስታነሳ ሌላው ይወድቅና ጥርሱ ይሸረፋል። ክቡ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ቂጣ ተደራርቦ ይቀመጥና ዝናብ ሲገባ ጠርዙ ይኮማተራል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ሳጥን ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ዲስክ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ስንጥቅ፣ ከሥር ለወረቀቱ እንደ ሸካራነቱ የተለያዩ ስስ መሳቢያዎች፣ ከፊት በር ያለው። ከላሆር አንድ መሐንዲስ መጥቶ ካልሸጥክልኝ ብሎ አለቀሰ ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ። ማንም አላመነኝም፤ መሐንዲሱ ቢመጣ ኖሮ ግን ማልቀሱ አይቀርም ነበር። እንጨቱ ግራር ነው። ቸናብ ወንዝ ዳር ነፋስ የጣለውን ገና እርጥቡን አምጥቼ ሰነጠቅሁት። አይጥ አይቆረጥመው፣ ምስጥ አይደፍረው።

ብዙም ሳይቆይ ዲስኮቹ ጠቆሩ። ተራ ዝገት አይደለም፤ ቀለም የጠጣ የሚመስል ሰማያዊ ጥቁር ነው። ጥርሳቸውም ተበልቷል።

"ይሄ የጠላት ሥራ ነው" አለ መንዙር።

መንዙር የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። የሥራ ቤቱ የኔ፣ የመጋዝ ማሽኑ የሱ። ተቀይሞ ማሽኑን ይዞ ከወጣ ለኔ የሚቀረኝ አራት ግድግዳና ምላሴ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ከፊት ለፊታችን አናጢነት የሚሠራውን ሐጂ በርከትን ነው።

"ትናንት ሲያልፍ ወደ ሳጥኑ አይቶ ሳቀ" አለ መንዙር።

"ጥርስ የለውም እኮ፤ አፉ ሁሌም እንደሳቀ ነው።"

"ጥርስ የሌለው ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።"

በሩን በቁልፍ አደረግሁት፤ ክፍተቱን ሁሉ በሰም ደፈንሁ። ጉንዳን እንኳ መታወቂያ ሳያሳይ አይገባም። የጸዱት ዲስኮች ከበፊቱ ፈጥነው ጠቆሩ። ሐጂ ነጻ ወጣ። ቁልፍ የነበረን መንዙርና እኔ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ እኔ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። ጎንዮሽ አየው ጀመር። አጥፊው የብርጭቆ ወረቀቱን አንድም ቀን አልነካም፤ መንዙር ደግሞ እንጨት ማለስለስ እንደ ሞቱ ነው የሚጠላው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የኔ ጠፋብኝ ብዬ የሱን ቁልፍ ወሰድሁ። በማግስቱ ስከፍት የወለወልሁት ዲስክ ጥቁር ነው።

መንዙር ወገቤን አየ። "ቁልፉ የት ነው የሚያድረው?"

"ሱሪዬ ገመድ ላይ።"

"ሱሪህስ?"

"እህትህን ጠይቃት።"

አልሳቀም። "አንዱን ዲስክ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤቴ አስቀምጬው ነበር። ፊትህን ታይበታለህ። አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው የሚጠቁረው። ተሰላችቼ ማሽኑን ጥዬልህ እንድሄድ ነው፣ አይደል?"

ነደደኝ። የአባቴን ምላጭ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍሁና ሁለቱንም ቁልፎች እጁ ላይ ጣልሁ። በማግስቱ ራሱ ከፈተው። ምላጩ ጠቁሯል።

"አሁንስ ማን ነው?" አልሁት።

"ሦስተኛ ቁልፍ ያስቀረጸው ነዋ" አለና ጋሪ ሊጠራ ወጣ።

እሱ የፈለፈለው ስውር ቀዳዳ ይኖራል ብዬ ሳጥኑን ከግድግዳው ጎትቼ ጀርባውን አዞርሁ። ሚስቴ ኩልሱም ምስርና የሮቲ ቂጣ ይዛ ገባች። ቀዳዳ የለም። ግን ከእያንዳንዱ ምስማር ራስ ሥር ጥቁር መስመር ወርዷል፤ ኩል የተኳለች ሙሽራ ያለቀሰች ይመስላል።

"ወንድሜ ምስማሩንም እየነቀለ፣ ቀለም እየቀባ መለሰው በለኛ" አለች ኩልሱም።

ቁጭ አልሁ። ቆዳ ፋቂዎች ግራር የሚዘፈዝፉበት ገንዳ ውስጥ ብረት ሲወድቅ ውሃው ጥቁር ቀለም እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ እርጥብ ግራር ውስጥ ብረት ሰካሁ፤ እርጥበቱ መውጫ እንዳያገኝም በሰም አፈንሁት።

ውጭ መንዙርና ባለጋሪው ማሽኑን ጭነው ገመድ ያስራሉ።

"ሳጥኑ ነው" አልሁት።

"የምን ሳጥን?"

"ዲስኩን የሚበላው። ራሱ ሳጥኑ።"

ገመዱን ሳይለቅ አየኝ። "አምና ቸናብ ውስጥ ኮፍያህን ያደረገ ዓሣ አየሁ ብለሃል።"

"ያ ቀደዳ ነው። ይሄ እውነት ነው።"

"ያኔም እውነት ነው ብለህ ነበር።"

"ወንድም ዓለሜ፣ መፍቻህን ስጠኝና ላሳይህ።"

"አንተ ምንም አትነካም። ወደኋላ ሁን። እጅህን ኪስህ ክተት።"

ከወዳደቀው የግራር ቁራጭ ራሱ መረጠ። ከባለጋሪው ኮዳ ውሃ አፈሰሰበት፤ ከኔ ኮዳ ቢሆን አያምንም። መፍቻውን በሸሚዙ ወልውሎ አጋደመበት። ከጎኑ ሺሻም የሚባለውን ደረቅ እንጨት አኑሮ ውሃ ረጨና ሌላ መፍቻ አስተኛበት። ከዚያ በሁለቱ መሃል ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ኩልሱም ሻይ አመጣችለት፤ እሱንም አሽትቶ ነው የጠጣው።

ሻዩን ሲጨርስ መፍቻዎቹን አነሳ። ሺሻሙ ላይ ያለው የውሃ እድፍ ብቻ ነው። ግራሩ ላይ ግን የመፍቻው መልክ ከነጥርሱ በጥቁር ተስሏል። በጣቱ ፈተገው፣ አሸተተው፣ ምላሱ ላይ አደረገና ፊቱን አጨማደደ። ቁራጩን ገልብጦ ከሥሩ የደበቅሁት ነገር ፈለገ። የለም። ኪሴን አየ።

"ልሂድ ወይስ ላውርድ?" አለ ባለጋሪው።

 ኩልሱም ትሪዋን እንደያዘች ወንድሟን አየችው።

"አውርድ" አለ መንዙር በመጨረሻ። "ሳጥኑ ለወረቀት ብቻ ይሁን። ለዲስኩ ሌላ ይሠራል፤ እንጨቱን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

"ማሽኑን ላግዛችሁ?" አልሁ።

"እጅህን ከኪስህ እንዳታወጣ ብያለሁ።"

ያ ማሽን ዝሆን ነው። ሁለቱ እያቃሰቱ ሲያወርዱት እኔ በር ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምሁ። የተጠረጠረ ሰው ትእዛዝ ማክበር አለበት።