የጋሽ ብሎን ለቅሶ

አሰብ ውስጥ፣ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በእርሳስ ለተሣለ ሰው ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ተለቅሷል። ያላመነ አይፈረድበትም። ንፍሮውን የቀቀለችው ጥላነሽ እንኳ ድስቱን እያማሰለች፣ ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ስትል ነበር።

መነሻው የሐጂ ኑህ ሻይ ቤት ነው። ሐጂ ኑህ ከወሎ ወርደው አሰብ ላይ ሃያ ዓመት የነገዱ፣ ለሰው ቶሎ የሚራሩ፣ ሲያወሩ ግን ትንሽ ጨመር የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አንድ ሰሞን መርከቡ ሊነሣ የቸኮለ የባዕድ አገር መርከበኛ አሮጌ ቴሌቪዥን በሁለት በግ ለወጠላቸው። ጣሪያው ላይ ሽቦ ሰቀሉለት፤ ወር ሙሉ ከመንጫጫት በቀር ምንም አላሳየም። በጎቼን በላኝ እያሉ ሲያዝኑ ግንቦት ገባና፣ ድንጋዩ ሁሉ ሲግል፣ ሙቀቱ ሞገዱን አሻገረው መሰል፣ ከባሕሩ ማዶ ያለ ጣቢያ ጥርት ብሎ ብቅ አለ። የአሰብ ሙቀት ለሰው ልጅ አንድ ደግ ነገር ሲሠራ ያን ጊዜ ታየ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም ይመጣል። ከኮከብ ኮከብ የምትበር መርከብ አለች፤ ሰዎቿ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው በዐረብኛ ነው። ሐጂ ጽሑፉን እያነበቡ ይተረጉማሉ፤ ቶሎ ካለፈባቸው ከራሳቸው ይሞሉታል። የሰዎቹ ስም ለምላስ ስለከበደ ተመልካቹ ሌላ አወጣላቸው። አገጩ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት የወጣው አዛዥ ሻምበል አገጬ ተባለ። ሦስት ዓይን ያለው ጠላቱ ባለሦስቱ ሆነ። መፍቻ ከእጁ የማይለየው፣ ሁልጊዜ እያጉረመረመ መርከቧን የሚጠግነው ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ጋሽ ብሎን ተባለ። ጋሽ ብሎንን ያልወደደ አልነበረም።

ከማየቱ ይልቅ ካዩ በኋላ የሚመጣው ነበር ጉዱ። ተመልካቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሰነድ ሲያገላብጥ የሚውል፣ ጉድለት ካላገኘ እንጀራው የማይወርድለት። ሥዕሉንም እንደ ሰነድ ይመረምረው ጀመር። መምህር ብዙነህ ደብተር ገዙና የየሳምንቱን ጉድለት መመዝገብ ያዙ። ለማን እንደሚላክ የሚያውቅ የለም፤ ግን ይመዘገባል።

ማርስ ላይ ያረፉበት ክፍል ሲያልቅ፣ ጉምሩክ የሚሠሩት አቶ ክንፈ ተቆጥተው ተነሡ። ሦስት መቶ ሣጥን ሲራገፍ የዕቃውን ዝርዝር፣ ዴክላራሲዮኑን የጠየቀ የለም፣ ማህተም የመታ የለም፤ ይህ ዓይን ያወጣ ኮንትሮባንድ ነው ሲሉ ሻያቸው ቀዘቀዘ። የወደብ ጫኝና አውራጆች አለቃ፣ ካቦ ወሰኔ ደግሞ፣ ሣጥኑ ሁሉ ከፊት ስለተከመረ መርከቧ ገና ስትነሣ በአፍንጫዋ መተከል ነበረባት አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሻምበል አገጬ ባለሦስቱን ገጠመው። ሐጂ በትርጉማቸው ላይ አንድ ሁለት እርግማን ጨምረውበት ውጊያው ደምቆ ነበር፤ ሆኖም ቤቱ አልተደሰተም። እንዴት አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይላክ ጦር ይመዘዛል? መምህር ብዙነህ በበኩላቸው የሁሉንም ጣት ቆጥረው አራት አራት ሆኖ አገኙት፤ የሠዓሊው ስንፍና ነው አሉ። ሐጂ፣ አላህ ለሌላ ኮከብ ፍጡር አምስት ጣት የመስጠት ዕዳ የለበትም ብለው ተሟገቱ። ይህ ክርክር ብቻውን ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ሻዩን የምታፈላው ጥላነሽ ሁሉንም ቆማ ትሰማለች። እነዚያ ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ ሲበሩ እህል ሲቀምሱ አለመታየታቸውን ያየችው እሷ ብቻ ናት። አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

የእሷ ነገር ሌላ ነው። ባሏ ውድነህ ወደቡ ላይ የመርከብ ገመድ አሳሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ነፋስ በበረታበት አንድ ጠዋት በትንሽ ጀልባ ወጣ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። የሠራተኞቹ ዕድር ዳኛ አቶ ክንፈ ናቸው፤ የዕድሩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ ሬሳው ላልታየ፣ የሞት ወረቀት ላልመጣለት ሰው ድንኳን አይተከልም ይላል። ስለዚህ አልተተከለም። በድንኳን ፋንታ ወሬ መጣላት። አንዱ ዋናተኛ ነው፣ የመን ደርሷል ይላታል። ሌላው እዚያው የመን፣ ሆዴይዳ ወደብ ላይ ሻይ ሲሸጥ ያየው ሰው አለ ይላል። ጥቁር ስትለብስ ምነው ታሟርቻለሽ ትባላለች፤ ነጭ ስትለብስ ባሏ ጠፍቶ ታጌጣለች ይሏታል። ሚስትም አልሆነች፣ መበለትም አልሆነች። ውድነህን ታውቀዋለች፤ ነፍሱ ብትኖር ኖሮ በደረቱ እየተሳበም ቢሆን ይመጣ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ፊቷ ቆመው መርዶዋን እንዲነግሯት፣ ከሰው መሃል እሪ ብላ አልቅሳ እንዲወጣላት። ለብቻ ማልቀስ ለቅሶ አይደለም፤ ማላዘን ነው።

ሐምሌ ላይ ነው እንግዲህ ያ ክፍል የመጣው። የመርከቧ ክንፍ ተሰበረ። ጋሽ ብሎን ወገቡን በገመድ ታስሮ ሊጠግን ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ። ሽማግሌው እጁን እያውለበለበ፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጨለማው ዋጠው። ሻምበል አገጬ አንገቱን ደፋ፤ ክፍሉ አለቀ። መጀመሪያ የተነፋረቀው፣ በአንድ ትከሻው ኩንታል የሚያነሣው ወሰኔ ነው።

የዚያን ቀን ጉድለት አልተመዘገበም። ይልቅ ወሰኔ እንባውን እየጠረገ አንቀጽ አሥራ ሁለትን አነሣ፤ ዘመድ የሌለው እንግዳ በከተማችን ሲሞት ዕድሩ ያለቅስለታል የሚለውን። በከተማችን ነው የሞተው? የሚል ጥያቄ ተነሣ። አዎን፣ በሐጂ ኑህ ቤት፣ ሁላችን ፊት ነው የሞተው ተባለ። ዘመድ አለው? በየትኛውም ክፍል አልታየም። አቶ ክንፈ ግንባራቸውን አሽተው አሽተው፣ እኛስ አገራችን ርቆን ብንሞት ማን ሊያለቅስልን ነው አሉና ፈቀዱ። ፍትሐት ግን ቀረ፤ ሃይማኖቱ አልተገለጸማ። ይህን መምህር ብዙነህ በማግሥቱ ጉድለት ብለው ጻፉት።

እሑድ ጠዋት ከሻይ ቤቱ ፊት ድንኳኑ ተተከለ። በከተማው የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ወርዶ እግዜር ያጽናችሁ እያለ ገባ። ጥላነሽ ውኃ ስትቀዳ፣ ንፍሮ ስታዞር፣ የመካኒኩን ትጋት እየጠሩ ሲያለቅሱ ስታይ ንዴት ያዛት። አንድ ቀን ቻለችው፤ ሁለተኛውንም ዋጥ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን ሰሐኑን እንደያዘች አቶ ክንፈ ፊት ቆመች።

"ጋሽ ክንፈ፣ የጋሽ ብሎን ሬሳ የት ነው ያለው?"

አቶ ክንፈ እያኘኩ ቀና አሉ። "ጨለማው ወሰደው እንጂ ልጄ። ሬሳ ከየት ይመጣል?"

"የሞት ወረቀትስ?"

"ምን ወረቀት ያሻዋል። ገመዱ ሲበጠስ ሁላችንም አይተናል።"

"ገመዱ ሲበጠስ አያችሁ። ሲሞት ያየው ማን ነው?" አለች። "የውድነህም ጀልባ ተገልብጣ ስትገኝ ሁላችሁም አይታችኋል።"

አቶ ክንፈ ንፍሮው አፋቸው ውስጥ ቀረ። መምህር ብዙነህ ደንቡን አስመጥተው ሁለቴ አነበቡት፤ ከዚያ ለሥዕል የፈቀድነውን ለገዛ አባላችን ከከለከልን ሰው አይደለንም አሉ። ወሰኔ ከእሷ ጎን ቆመ፤ ሐጂ ኑህም አባል ባይሆኑም እጃቸውን አወጡ። ማታውኑ ተወሰነ፤ በመጪው እሑድ ጎህ ሲቀድ ለጥላነሽ መርዶዋ ይነገራል፣ ለውድነህ ድንኳን ይተከላል።

ጥላነሽ ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ጥቁር ቀለም ነከረችው። መርዶ ነጋሪ እየጠበቀ ደስ የሚለው ሰው ካለ እሷ ናት። ያን ሳምንት ሦስት ዓመት የከዳት እንቅልፍ ወሰዳት።

ቅዳሜ እንደ ልማዷ ሻይ አፈላች፤ ሰው ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ክፍሉ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ጭራ ባለው ኮከብ ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ተፈናጥጦ፣ መፍቻውን እያወዛወዘ ጋሽ ብሎን መጣ።

ቤቱ ተናጋ። ወሰኔ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ሐጂ ጽሑፉን ማንበቡን ትተው አልሐምዱሊላህ ይሉ ጀመር። አቶ ክንፈ ያገኙትን ሁሉ አቀፉ፤ ያቀፉት ሰው ሲያልቅ ወደ ጥላነሽ ዞሩ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል፣ ከልባቸው ነው።

"እልል በይ እንጂ ጥላነሽ" አሏት። "የነገውን ትተነዋል። አየሽ አይደል፣ ሰው ይመለሳል።"

ትሪውን እንደያዘች ወደ እሳቸው ዞረች። ከኋላዋ ሻምበል አገጬ ከመካኒኩ ጋር በሙዚቃ ይጨፍራል። መምህር ብዙነህ ደብተራቸውን ገልጠው የዛሬው ጉድለት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አንድም የለም ተባለ። በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ፣ እንከን የለሽ ክፍል ነው ተባለ።

"እኔ አለኝ" አለች ጥላነሽ።

ሁሉም ዞሮ አያት። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሥዕሉ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

"ሳምንት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ከርሞ ጢሙ አንዲት ዘለላ አላደገም። ራበኝ አላለም፤ ፈራሁ አላለም። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም። እውነቱ የባለፈው ሳምንቱ ነው። ያን የሣለው ሰው ሞትን ያውቃል፤ ይኼኛው ውሸት ነው።" ትሪውን አስቀመጠች። "እሱን የሣለው ሰው አዝኖ መለሰው። ውድነህ ሥዕል አይደለም ጋሽ ክንፈ። እሱን የሚመልስልኝ የለም። ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ ጠበቅኋችሁ። ንገሩኝ።"

አቶ ክንፈ በዘመናቸው ብዙ መርዶ ተናግረዋል፤ ሁሉንም ጎህ ሲቀድ፣ በነጠላ ተሸፋፍነው፣ በሽማግሌ ታጅበው ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ፣ በጭፈራ መሃል ተናግረው አያውቁም። ተነሥተው ፊቷ ቆሙ።

"ልጄ" አሉ፤ "ውድነህ ሞቷል።"

ጥላነሽ እሪ አለች። ሦስት ዓመት የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ገመድ ሲያስር የሚያፏጨውን፣ ሙቀቱን ስትረግም ቆይ ነፋስ ይመጣል የሚላትን፣ ዓሣ መብላት ሳይወድላት የሞተውን ደገኛ ባሏን እየጠራች ደረቷን መታች። ወሰኔ ከጠረጴዛው ወርዶ አብሯት ደረቱን መታ። መምህር ብዙነህ ፊታቸውን በደብተሩ ሸፈኑ። ሐጂ ኑህ ቴሌቪዥኑን ሊዘጉ ቢሞክሩ ቁልፉን ሳቱት፤ ጭፈራው እንደቀጠለ ቀረ።

ጆንያ የተሸከመ አንድ የወደብ ሠራተኛ በመንገድ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ። ማን ሞተ ብሎ ሐጂ ኑህን ጠየቃቸው።

"የጥላነሽ ባል" አሉት።

"መቼ?"

"ከሦስት ዓመት በፊት። መርዶው አሁን ደረሰን።"

ሰውየው ጆንያውን ደጃፉ ላይ አውርዶ ገባና ከሚያለቅሱት ጋር አለቀሰ።