ለመርፌ ባዶ ሆድ

መርፌው የግመሉን አንገት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው አሮጊቷ፣ «ደግነቱ ጠግቧል» አሉ።

የእንስሳት ሐኪሟ እጇን መለሰች።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ምንም። ለራሴ ነው።»

«ጠግቧል ነው ያሉት?»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ግመለኛው መሬት መሬቱን ያያል። ግመሉ በክሊኒኩ ግቢ አሸዋ ላይ ተንበርክኳል፤ የፊት እግሮቹ በገመድ ታስረዋል፣ የታችኛው መንጋጋው ወደ ጎን ተንጋዷል። ከሌላ ወንድ ግመል ጋር ተናክሶ የተሰበረ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ አላኘከም፤ በጎማ ቱቦ እየጠጣ ነው የሰነበተው።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ብለውኝ ነበር» አለችው ግመለኛውን።

«እኔ አልሰጠሁትም፣ ዶክተር። በእናቴ እምላለሁ!»

«በእኔ አትማል!» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ዛሬ ንጋት ላይ፣ ዱቄት በወተት በጥብጬ፣ ሙሉ ባልዲ። ታዲያ በባዶ ሆዱ ለቢላ ላስረክበው? አንቺስ ልጄ፣ ቁርስሽን በልተሽ አይደል የመጣሽው?»

«በልቻለሁ።»

«ይኸው!»

የሐኪሟ ረዳት ሳቁን ዋጠ። የግቢው ሰው ሁሉ «ችካል» ነው የሚለው፤ ገመድ ከያዘ ንቅንቅ አይልም። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። መርፌውን ከድና ኪሷ ከተተችው።

«እማማ፣ በማደንዘዣ የተኛ ግመል ጉሮሮው ይላላል። የጠጣው ተመልሶ ወደ ሳንባው ይገባል። በሰጡት ወተት ታንቆ ይሞትብዎታል።»

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ነገ ጠዋት እንሠራዋለን» አለች ሐኪሟ።

«ነገ የሚባል የለም» አለ ግመለኛው። «ካልተሠራ ለሥጋ ሊወስደው የተስማማው ባለ ሉካንዳ የሚጠብቀኝ እስከ ምሳ ሰዓት ነው። በየቀኑ እየከሳ ነው፤ አጥንቱ ከወጣ በኋላ ማን ይወስደዋል? ግማሽ መድኃኒት ይስጡትና ይሥሩት።»

«ግማሽ መድኃኒት ማለት መሀል ላይ የሚነቃ ግመል ነው። እኔንም ይረግጣል፣ መንጋጋውንም እንደገና ይሰብራል።»

ግመለኛው ትንሽ አመነታ። «ደግሞ የሰማሁት አለ። ባለፈው ክረምት እዚሁ ግቢ አንዲት ግመል ተኝታ ሳትነቃ ቀርታለች ይላሉ።»

ችካል ጎንበስ ብሎ ያልላላ ቋጠሮ ማጥበቅ ጀመረ። ይህን ለሚጠይቅ ሁሉ «በሽታዋ ጠንቶባት ነው» እያለ የሚመልሰው እሱ ነበር።

«እውነት ነው» አለች ሐኪሟ። «የሞተችው በእኔ እጅ ነው። አልበላችም አሉኝ፤ ቸኩዬ ነበር፣ አመንኩ። ሌላ ሰው አልጠየቅሁም። ዛሬም ያንኑ ልደግመው ነበር፤ እናትዎ ባይናገሩ ኖሮ ይሄኔ ያለቀ ነገር ነው።»

«ይህን እየነገሩ ማን ግመሉን ያመጣልዎታል?»

«እንጃ። ምናልባት ማንም።»

ግመለኛው ግመሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ስልኩን አውጥቶ ባለ ሉካንዳው ጋ ደወለ። «ወንድሜ፣ አትጠብቀኝ» ብሎ ዘጋው።

ግመሉ መኖ በሌለበት ጥግ ታስሮ አደረ፤ ውሃውም ማምሻውን ተወሰደበት። ጠዋት ሐኪሟ ግመለኛውን ጠየቀች፣ አሮጊቷን ጠየቀች፣ ዘበኛውን ጠየቀች።

«እኔንም?» አለ ችካል።

«አንተንም።»

ክብደቱን ለመገመት የግመሉን ደረት እንደ አዲስ በሜትር ለካች። ከትናንቱ ቀንሷል፤ መድኃኒቱንም በዚያው ልክ ቀነሰችና ወጋችው። ብዙም ሳይቆይ ረጅሙ አንገት ቀስ እያለ ወረደ። በጎኑ እንዳይወድቅ በሁለት የአሸዋ ከረጢት ደግፈው በደረቱ እንደተቀመጠ ያዙት። ሌላ ከረጢት ማጅራቱ ስር ገባ፤ አፍንጫው ዝቅ ብሎ ምራቁ ወደ ውጭ ይወርዳል። ዓይኑን በፎጣ ሸፈኑት። ችካል መዳፉን አፍንጫው ላይ አድርጎ ትንፋሽ ይቆጥራል፤ እሷ የተሰበረውን መንጋጋ የሚይዘውን ሽቦ በጥርሶቹ መሀል እያሾለከች ታጠብቃለች።

«ስድስት… ሰባት…» ዝም አለ። «ዶክተር፣ ቆመ!»

ሽቦውን ለቀቀችው። አንገቱን ወደፊት ዘርግታ ምላሱን ሳበች። አሮጊቷ ልጃቸውን ክንዱን ጨምድደው ያዙ። ከዚያ ግመሉ እንደ ተቆጣ ሰው ኡፍ ብሎ ተነፈሰ።

«ስምንት» አለ ችካል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ አንገቱ። ግመለኛው ሊያስነሳው ገመዱን ያዘ።

«ተዉት። እግሩ ገና የሱ አይደለም።»

አንድ ሰዓት ገደማ ጠበቁ። ግመሉ በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ እግሩን አንፈራጥጦ እየተወላገደ ቆመና ሁሉንም በንቀት ገረመማቸው። ግመለኛው ፊቱን አዙሮ በእጅጌው ጠረገ።

አሮጊቷ ለካ ባልዲያቸውን በጥብጠው ጨርሰዋል።

«አሁንስ?»

«ገና ነው፣ እማማ። ደህና አድርጎ መዋጡን ካየሁ በኋላ፣ ከሰዓት።»

ችካል ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለ። «ባልዲውን መድኃኒት ክፍል ልቆልፍበት?» አለ፤ ሹክ ማለቱ ነበር፣ ሰፈር ሰማው።

ሐኪሟ አሮጊቷን አየች። አሮጊቷ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ።

«እሳቸው ጋ ይሁን» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።