አራት ድረስ ቆጥሮ ማቆም

በዘጠና ዓመተ ምሕረት በሰው አገር፣ ኮሎሎ የሚባል ሰፈር፣ እትዬ አክበረት ምግብ ቤት ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ኃይለልዑል የሚል ስም ተሸክሞ ሽንኩርት መክተፍ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። አዲስ አበባ ስደውል «ሆቴል ውስጥ ነኝ» እላለሁ፤ ስለ ቢላዋው አላነሳም። ባሬስታው ሥራ ለቆ ናይሮቢ ሲሄድ ቦታውን ተመኘሁ። ተመኘሁ ማለት ያንሳል፤ እንቅልፍ አጣሁ።

እትዬ አክበረት ውስኪ በመለኪያ አያስቀዱም፤ ደንበኛ ፊት መለካት ንፉግ ያስመስላል ባይ ናቸው። ከልኩ ጠብታ ካለፈች ግን ዓይናቸው ይቀላል። ስለዚህ በልብ አራት ድረስ ቆጥሮ ጠርሙሱን ቀና ማድረግ ነው።

ማኪንድዬ ሰፈር ባለችው ክፍላችን፣ ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ውሃ እየሞላሁ ተለማመድኩ። አብሮኝ የሚኖረው ባለሱቁ ሸምሰዲን በፈሰሰው ውሃ አዳልጦት ሊወድቅ ሲል፣ «ወላሂ፣ በውሃ የሚሰክር ሰው አንተን አየሁ» አለኝ። ቆጠራው ግን ተዋሃደኝ፤ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተቀምጬ እንኳ እቆጥር ነበር።

የፈተናው ቀን ደንበኛ ሳይገባ ብርጭቆ ደረደርን። እኔ እቀዳለሁ፣ እትዬ አክበረት ወደ መለኪያ ይገለብጣሉ። ሁሉም ልክ ሆነ። ልቤ አበጠ፤ ቢላዋውን ለማን እንደማስረክብ ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ።

«በል፣ አሁን ደንበኛው እኔ ነኝ» ብለው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ቀዳሁ። አራት ላይ አቆምኩ። እሳቸው ብርጭቆዋን አዩዋት። እኔም አየኋት፤ ውስኪው ታችዋን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። እናቴ ቤት፣ ለታላቅ ሰው የሚቀዳ «በቃኝ» ሳይባል እጁን አይሰበስብም። አፈርኩ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ትንሽ ልጨምርልዎት፣ እትዬ?»

«ኧረ ተው።»

ኧረ ተው ደግሞ በቃኝ ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«አፈር ስሆን!» ብዬ ጠርሙሱን ደፋሁት። «ኧረ በዛ፣ ኧረ ልጄ!» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ብርጭቆውን አልከደነም። ቆጠራው የት እንደገባ እንጃ። አፉ ድረስ ሞላሁላቸው።

ሳይቸኩሉ ጠጥተው ጨረሱት።

«ተባረክ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ራርቶ። «እንዲህ አድርጎ ሰው ከቀዳልኝ ስንት ዘመኔ!»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው መደርደሪያው ውስጥ ቆለፉበት።

«እሑድ ቤቴ እንግዳ አለብኝ፤ መጥተህ አንተ ትቀዳለህ» አሉ። «ለባሩ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»