ለዛሬ ብቻ የተጻፈ መስመር

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ከመስኮቱ ሥር ያጉረመርማል። ጠዋት ላይ ዝግ ይላል። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ግን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ከመግፋታቸው በፊት የሐይቁን ነፋስ ለማየት ስልካቸውን ሲከፍቱ፣ ድምፁ ይጨምራል። የአፖንዲ ባል ኦዊቲ በሕይወት ሳለ በዚህ ሰዓት ሻዩን አስቀምጦ ጆሮውን ይጥልና «መጡልሽ፣ እንግዶችሽ መጡ» ይላት ነበር።

አፖንዲ ዛሬ ማራገቢያውን ላለመስማት እየሞከረች ነው። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ኮድ መካከል አንድ መስመር አለ፤ የነፋሱ ገጽ መረጃውን ከየት እንደሚጠይቅ የሚናገር አድራሻ። ከበላዩ ኦዊቲ ማስታወሻ ጽፏል፦ «ለዛሬ ብቻ። ነገ አስተካክላለሁ።»

እንዲህ ያለውን ነገር አጥብቆ የሚጠላው እሱ ራሱ ነበር። የነፋሱን ገጽ የሚያሳየው ፕሮግራም የሚኖረው በሦስት ቦታ ነው፦ በሚጻፍበት በዚህ ክፍል፣ በሚፈተንበት ኮምፒውተር፣ ሰው በሚገለገልበት የናይሮቢው ሰርቨር። አድራሻው በየቦታው ስለሚለያይ ኮዱ መሃል አይጻፍም፤ በየቦታው ከተቀመጠች ትንሽ የቅንብር ፋይል ይነበባል። ይህን ያስተማራት ኦዊቲ ነው። አንድ ዝናባማ ምሽት ግን ደክሞት፣ ወይም ራት ቀርቦ፣ የቤቱን ኮምፒውተር አድራሻ እንዳለ ጻፈው። ለኮምፒውተሩ የሰጠው ስምም አድራሻው ውስጥ ገባ፦ ኛር አሴምቦ። በሉዎ ቋንቋ የአሴምቦ ልጅ ማለት ነው። አፖንዲ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ኪሱሙ አግብታ ከመጣች ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠራት በተወለደችበት ቦታ ስም ነው።

ከዚያ ፕሮግራሙ ናይሮቢ ገባ። የነፋሱ ጥያቄ ግን በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ እዚህ ክፍል ያንኳኳ ነበር። ስለሚሠራ ማንም አላወቀም። የታወቀው በቀብሩ ሳምንት፣ መብራት ጠፍቶ ገጹ ባዶ ሲሆን ነው። የሥራ ባልደረባዋ ኔኬሳ የነፋሱን መረጃ የሚሰጥ አገልግሎት ናይሮቢ ላይ አዘጋጀችና «አንዲት መስመር ቀርታለች፣ ቀይሪያት» አለቻት። አፖንዲ «ነገ» አለች። በማግሥቱ ወጥታ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ትልቅ ባትሪ ገዛች።

ሁለት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ባትሪው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገለና ሞተ። አንድ ጀልባ ነፋሱን ሳያይ ወጥቶ ተገለበጠ። አራቱ ሰዎች ጎኑን ይዘው ሲንሳፈፉ ሌሎች ደረሱላቸው። በማግሥቱ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ሰው በአክብሮት ሙዜ የሚላቸው አዛውንቱ ኦኬዮ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ሰዎቹ ተርፈዋል፣ የአሴምቦ ልጅ። እስከ ዓርብ ግን አስተካክዪው» አሉ። መስኮቱ ሥር ወዳለው ኮምፒውተር አንድ ጊዜም አላዩም። አለማየታቸው ከቁጣ በላይ ከበዳት።

ዛሬ ዓርብ ነው። መስመሩን አጠፋች፤ በቦታው አድራሻውን ከቅንብሩ የሚያነብ ሌላ ጻፈች። ናይሮቢ ላከችው። ገጹን ከፈተች፤ ነፋሱ ታየ። ወዲያው ለኔኬሳ ደወለች።

«ሠርቷል።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ቤት።»

ኔኬሳ ሳቀች። «እህቴ፣ አንቺ ቤት የማይሠራ ነገር አለ እንዴ? የኦዊቲ ኮምፒውተር እኮ እስካለ ድረስ ማንም ቢጠይቀው ይመልሳል። ያ ሰውዬ ሌላ ቦታም አንዲት "ለዛሬ ብቻ" ሸጉጦ ከሆነስ?»

«ፈልጌያለሁ። የለም።»

«እኔም ያኔ ፕሮግራሙ ናይሮቢ ከመግባቱ በፊት ፈልጌ "የለም" ብዬ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አፖንዲ፣ ኮምፒውተሩን አጥፊውና እንየው። ሌላ ማረጋገጫ የለውም።»

አፖንዲ ስልኩን ዘግታ ከወንበሯ ተነሣች። የኮምፒውተሩ ጀርባ ሞቅ ያለ ነበር፤ በብርድ ጊዜ ኦዊቲ እግሩን የሚያስጠጋበት። ጠርዙ ላይ በብርጭቆ ክብ ቅርጽ የደረቀ የሻይ እድፍ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ አቧራውን ስትጠርግ በዙሪያው እንጂ በላዩ አላለፈችም። ሰዓቱን አየች። ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ድምፁ መጨመር ጀምሯል።

ለሙዜ ኦኬዮ ደወለች። ከጀርባቸው የሰው ጫጫታና የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«ሙዜ፣ ማንም እንዳይወጣ ያዙልኝ። ገጹን አንዴ ይክፈቱልኝና የሚያዩትን ይንገሩኝ።»

«እኔ መነጽሬን የረሳሁ ዕለት ነው የምትፈልጊኝ! ቆይ... ሄይ! ማንም አይግፋ! የምን ጥድፊያ ነው፣ ዓሣው ቀጠሮ ሰጥቷችኋል?»

ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች፤ ተጫነችው። ማራገቢያው ወዲያው አልቆመም። እየቀነሰ፣ እየሳሳ ሄደና የት ላይ እንዳበቃ ሳታውቀው አበቃ።

«ባዶ ነው» አሉ ሙዜ ኦኬዮ።

ጣቷ አሁንም ማጥፊያው ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ብትጫነው ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል፤ ድምፁም፣ እንግዶቹም። እጇን አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገችው።

«ስልክዎ ያስቀረው የቆየ ገጽ ይሆናል፣ ሙዜ፤ የድሮውን አድራሻ ነው የሚጠይቀው። ይዝጉትና እንደገና ይክፈቱት።»

ጠበቀች። ክፍሉ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበሩ የሚመስሉ ድምፆች ነበሩ፦ የጎረቤት ባልዲ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የራሷ ትንፋሽ።

«መጣ!» አሉ። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቁጥሩን እያነበቡ እንደሆነ ከአነጋገራቸው ታወቃት። «ከደቡብ ነው። ፍጥነቱ አሥራ አንድ። ደግ ነፋስ ነው፤ ይወጣሉ።» ዘወር ብለው በሉዎ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኹ፤ ጀልባ አሸዋ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ።

አፖንዲ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠች። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው አየር ፊቷን ነካው። ከደቡብ ነበር።

«የአሴምቦ ልጅ» አሉ ሙዜ ኦኬዮ በስልኩ ውስጥ። «አለሽ?»