እናት የማትሞትባቸው መጻሕፍት

የከተማው ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍል የእኔ ነው። ጠባብ ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ፣ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር የሚያቃስት። ሥራዬ ለጎረምሳና ለኮረዳ ልብ ወለድ መምረጥ ነው። «ይህም ሥራ ሆኖ?» የሚለኝ ሞልቷል። እንዲህ ለሚል ሰው አንድ የተኮሳተረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አምጥቼ፣ «በል እስቲ አንተ አስነብበው» ብለው ደስ ይለኛል።

በክፍሌ አንድ ሕግ አለ። መጽሐፍ የሚመልስ ልጅ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ አይሄድም፤ ፊቴ ቆሞ ለማን እንደሚሆን ይናገራል። «ጥሩ ነው» አይበቃም። «አሪፍ ነው» ያለማ ከፊቴ ዞር ይበል። አንዱ «ታላቁ ለሚደበድበው ልጅ» ይላል፤ አንዷ «ጓደኛዋ ለከዳቻት»። እኔ ያንን በጭንቅላቴ እይዝና የሚቀጥለውን ልጅ ፊት አይቼ አቀብላለሁ።

ሕጉን አጥብቃ የምትወደው የእህቴ ልጅ ናት። ምስጥ ነው የምንላት፤ ወረቀት አይተርፋትም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ቦርሳዋን ከጠረጴዛዬ አጠገብ ጥላ፣ እናቷ ከሥራ እስክትወጣ ድረስ መስኮቱ ሥር ታነባለች። አባቷን አታውቀውም። ያለናት እናቷና እኔ ነን።

እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ መታመሟን የነገረችኝ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቆመን ነው። ሐኪሞቹ የሚድን አይደለም ብለዋታል። ላለቅስ ስል ገና ፊቴ ሲቀያየር እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

«ልጄ እንዳትሰማ» አለችኝ። «ፈተናዋን ትጨርስ፤ ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሷ እኮ ሞኝ አይደለችም።»

«አፍሽን ብቻ ያዢልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ምን እላታለሁ? እሺ አልኩ።

አፌንስ ያዝኩ። ግን ለወጣቶች ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እናት መግደል ይወዳሉ። ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ እናትየዋን ቀብረው ልጅቷን ብቻዋን መንገድ ያስጀምሯታል። እስከዚያ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አሁን መደርደሪያው ፊት ቆሜ አንድ በአንድ ሳያቸው፣ እዚህ ትሞታለች፣ እዚያም ትሞታለች። እያወጣሁ ከጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። አንዱ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፤ እናቷን አስታማ ስለቀበረች ኮረዳ የሚያወራ። እሱን ከሁሉም በታች አድርጌ አሮጌ መጽሔት ጫንኩበት።

ለምስጥ የሌባና ፖሊስ፣ የእግር ኳስ፣ የሚያስቅ የሚያስቁን ብቻ መረጥኩ። ታነባለች፣ ትመልሳለች፣ ለማን እንደሚሆን ትናገራለች። እናቷ ልብሷ እስኪሰፋት ከሳች፤ «ጨጓራዬ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ምስጥ መጽሐፏን ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ለማን ይሆናል?» አልኳት።

«እናቷ ልትሞትባት ለተቃረበች ልጅ።»

«ስለ ኳስ ቡድን እኮ ነው» ብዬ ሳቅ ለማለት ሞከርኩ።

«አውቃለሁ። አክስቴ፣ ሰሞኑን የሰጠሽኝን ሁሉ እስቲ አስቢው። ሁሉም ውስጥ እናት አለች፤ ጤነኛ እናት። ትቆጣለች፣ ታበስላለች፣ መጨረሻ ላይ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ድሮ እንዲህ አልነበርሽም። ጓደኛዬ ሰማያዊውን አንብቢው ብላኝ ፈለግኩት፤ የለም። ሌሎችም የሉም። የጠፉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።» መጽሐፉን አቀበለችኝ። «እማዬ ናት፣ አይደል?»

መዋሸት ነበረብኝ። ውሸት ለመፈለግ የወሰደብኝ ጊዜ ራሱ መልስ ሆነ። አፌን ይዤ በእጄ ሁሉንም ነግሬያታለሁ።

«ሰማያዊውን ስጪኝ» አለች።

«አይሆንም።»

«ልጅቷ ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሆን ማየት እፈልጋለሁ። ጠዋት እንዴት ብላ ከአልጋዋ እንደምትነሳ።»

ካርቶኑን ጎትቼ መጽሐፉን ሰጠኋት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ አንገቴ ሥር ተወሽቃ። ዓይኗን ስትጠርግ ደግሞ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «የማላውቅ ከመሰላት ይሻላታል።»

እናት ከልጅ፣ ልጅ ከእናት ሲደባበቁ እኔ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ራት ላይ ይሳሳቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እህቴ ፈተናውን አልጠበቀችም። «ራሴ እነግራታለሁ» ያለችውን ሳትነግራት ሄደች። ልጅቷም «አውቃለሁ እማዬ» ሳትላት ቀረች። እንደዚያ እየተዋደዱ፣ አንድ ቤት እያደሩ፣ ሳይሰነባበቱ ቀሩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ምስጥን ከበባት፤ መከበብም ነበረባት። እኔን «በርቺ እንጂ፣ ለልጅቷ ስትይ» ይሉኛል። በረታሁ። ወንበር አቀበልኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ የመጣውን ሸኘሁ፤ ከዚያም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድም ቀን አላለቀስኩም።

ምስጥ ሰማያዊውን መጽሐፍ ይዛ የመጣች ቀን ዝናብ ነበር። እንደ ሕጉ ፊቴ ቆመች።

«ለማን ይሆናል?» አልኩ።

«እህቷ ለሞተችባት ሴት።»

«የእኔ ልጅ፣ ስለ እህት አይደለም። አንብቤዋለሁ እኮ።»

«አንቺ ያነበብሽው ለሌላ ሰው ልትመርጪ ነው» አለች። «ውስጡ አክስት አለች። በየምዕራፉ ዕቃ ታጥባለች። አይዞሽ የሚላት አንድ ሰው የለም። እኔም እኮ አላልኩሽም።»

መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና ከጠረጴዛው ኋላ ገብታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «ሂጂ አንብቢ። ልጆች ከመጡ እኔ አለሁ።»

መስኮቱ ሥር፣ እሷ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ በጣም ዝቅ አለብኝ፤ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። እናትየዋ ገና በሕይወት አለች፤ በሩ ላይ ቆማ እህቷን ትጣራለች።

«አቤት» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ አልታየኝም።