መርዶ በስልክ አይነገርም

ሚለን ከአስመራ የደወለችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ይመኙሻል በምትሠራበት የአምስተርዳም ሆቴል አራተኛ ፎቅ ላይ አንሶላ እየቀየረች ስለነበር ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጥብቃ ይዛ ሰማች። የሚለን እናት ሉችያ ሌሊቱን አርፋለች።

«አጎቴ ብቻውን ነው» አለች ሚለን በተሰባበረ አማርኛ። «በስልክ እንዳትነግሩብኝ። ሰው ሄዶ ያርዳልኝ።»

የሉችያ ወንድም የሆኑት አጎቷ ጋሽ ፍስሃየ የሚኖሩት ሮተርዳም ነው፤ የይመኙሻልን ቁጥር ለሚለን የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ማተሚያ ቤት ስላሳለፉ አማርኛቸው ከብዙው ሐበሻ ይጠራል። ወደቡ ላይ ባለ መጋዘን ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት በሐበሾች ማኅበር የፋሲካ ግብዣ ላይ ተነሥተው፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ የድንበር ጦርነት ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢመጣ እደግፋለሁ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ የለም።

ስልካቸውን የምታነሳው ይመኙሻል ብቻ ነበረች፤ እሷም ለመጣላት። ወንድሟ ሊባኖስ በዚያ ጦርነት ዛላምበሳ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ፍስሃየ እሁድ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ይደውላሉ፤ ወሬው ከዝናቡ ተነሥቶ ጦርነቱ ላይ ይደርሳል፤ እሷም «ጋሼ፣ እግዜር ይይልዎት!» ብላ ትዘጋባቸዋለች። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ታነሳለች። አምስተርዳም ዳርቻ ኦስዶርፕ ባለው ቤቷ በሳምንት አንዴ የሚጮኸው ስልክ ያ ብቻ ነበር።

መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አያረዳም። ሦስት አራት ሆኖ በማለዳ ይኬዳል፤ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ለአዘዘ ደወለች።

«እሱ ቤት?» አለ አዘዘ። «እግሬ ይሰበር!»

«ሰው እኮ ነው የሞተው።»

«ለሟቿ ነፍስ ይማር። ለእሱ ግን ልጅቷ በስልክ ትንገረው።»

«መርዶ በስልክ?»

«ጦርነት እያጨበጨበ የሚጠራ ሰው፣ መርዶ በስልክ ቢሰማ ምን ይሆናል?»

ስልኩን ዘጋችው። ግማሽ ልቧ ከአዘዘ ጋር ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ነጠላዋን ቦርሳዋ ሥር ደብቃ ባቡር ተሳፈረች። ደንሃግ ጣቢያ ላይ ጥቂት ሰዎች ወረዱ፤ የገባ የለም። ከጎኗና ከፊት ለፊቷ ሦስት ወንበሮች ባዷቸውን ይጓዛሉ፤ አብረዋት መምጣት የነበረባቸው ሰዎች ቦታ መሰላት።

ጋሽ ፍስሃየ በሩን ሲከፍቱ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ነበር።

«ይመኙሻል! እጅሽን ልትሰጪ መጣሽ?»

«ሮተርዳም ጉዳይ ነበረኝ። ቁርስ አብረን እንብላ ብዬ ነው።»

በማለዳ የሚመጣ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቁ ሰው አይደሉም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በራቸው አልተንኳኳምና ደስታቸው ጥርጣሬያቸውን ቀደመው። ዳቦና አይብ አወጡ፤ ሻይ አፈሉ፤ ለእሷ የሚሆን ሁለተኛ ብርጭቆ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፈቱ።

አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ይመኙሻል አፋቸውን ሳይሆን እጃቸውን ታያለች። ዳቦው ግማሽ ላይ ቆሟል።

«ይብሉ፣ ጋሼ።»

«እበላለሁ። ባለፈው እሁድ ስትዘጊብኝ ምን ልልሽ ነበር መሰለሽ? ወንድምሽን አከብራለሁ። ጦርነቱ ግን ትክክል ነበር። ያኔ ባንዋጋ ዛሬ አገር የለንም።»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሦስት ዓመት የተሳለ መልስ። ዋጠችው።

«እሺ። ይብሉ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ቦርሳዋን አዩ። ከዚያ እሷን።

«ይችን ነገር አንድም ቀን አስጨርሰሽኝ አታውቂም» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ እሺ አልሽኝ።»

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ማን ነው?»

«ሉችያ» አለች።

ሲያለቅሱ ነጠላዋን አውጥታ ዘቅዝቃ ለበሰች። ትንሽ ሲረጋጉ ከታች ካለችው ጎረቤት ሁለት ወንበር ተውሳ፣ ከቤቱ አራት ጋር ግድግዳውን አስታካ ደረደረች። በማኅበሩ የስልክ ቡድን ላይም ለቅሶው የት እንደሆነ ጻፈች። አሥራ አንድ ሰዎች «ነፍስ ይማር» ብለው መለሱ። ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እሁድም። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አዩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ጋሽ ፍስሃየ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያን ዕለት አልመለስሽልኝም።»

«ለቅሶ ቤት ነው፣ ጋሼ።»

«ለቅሶ ቤትማ ሰው አለበት። እዚህ ያለነው አንቺና እኔ ነን። እሺ አትበይኝ። እሺ ስትይኝ የሞትኩት እኔ መሰለኝ።»

ይመኙሻል ወንበሯን ወደሳቸው አዞረች።

«ተሳስተዋል» አለች። «ያኔም፣ ዛሬም። ሊባኖስ ሲሄድ ሃያ ዓመቱ ነበር። መርዶውን አራት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እናቴን ለምነው ገንፎ አበሏት፤ ከዚያ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ገንፎ ቀምሳ አታውቅም። አገር የሚሉኝ ይሄንን ነው?»

አላቋረጧትም።

«ለእናትሽ አዝናለሁ» አሉ። «በጦርነቱ ግን አልስማማሽም።»

«አውቃለሁ።»

የተዋሰችውን ወንበር መልሳ መጥታ ካፖርቷን ለበሰች። ነገ ጧት ሥራ አለባት። በሩ ድረስ ሸኟት፤ ሹራባቸው ዛሬም እንደተገለበጠ ነው።

«እሁድ፣ አሥር ሰዓት» አሉ። «ልትዘጊብኝ ነው?»

«እንደ አነጋገርዎ» አለችና ደረጃውን ወረደች።